ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ተማሪ ምን ይማር?

ታላቅ የተባለ ሰው ሲሞት ሁለት ታሪክ ትቶ ያልፋል። አንደኛው፣ ራሱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ በፈረመባቸው ወረቀቶችና በዘመኑ በነበሩ ሰዎች ምስክርነት ተመዝግቦ የሚገኘው ነው። ሁለተኛው ግን ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ለሚቈጥር ሕፃን የሚነገረው ነው። ሁለቱ ታሪኮች የተስማሙ እንደ ሆነ አስተማሪው ዕድለኛ ነው። ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ከእኛ ከአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ነገ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆም ስለ ሆንን፣ ይህ ምርጫ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ነገሩን ለመመርመር ከመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጆርጅ ዋሽንግተን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በአንድ በኩል፣ ስለ ልጅነቱ የሚነገረው ተረት በእንግሊዝኛ የንባብ መጻሕፍት ገብቶ ከአገሩ ውጭ እንኳ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሒሳብ ሲመዘግብና የዕለት ማስታወሻ ሲይዝ ስለ ኖረ የተወው የጽሑፍ ማስረጃ እጅግ ብዙ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ወረቀቶች አሰባስቦ ማሳተም የጀመረው በ1968 ሲሆን፣ እስካሁን የወጡት ጥራዞች ብቻ አንድ መደርደሪያ ይሞላሉ። ስለዚህ ተረቱንና መዝገቡን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ተረቱና ደራሲው

ተረቱ እንዲህ ነው። ጆርጅ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ትንሽ መጥረቢያ ተሰጠው። እንደ ልጅ ወግም ያገኘውን ሁሉ ሲከተክት ሰነበተና፣ አንድ ቀን አባቱ አብልጦ የሚወደውን ቼሪ የሚባለውን የፍሬ ዛፍ ልጦ አበላሸው። አባትየው ይህን አይቶ ማን እንዳደረገው በጠየቀ ጊዜ፣ ልጁ ጥቂት አመንትቶ፣ እርሱ መዋሸት የማይችል መሆኑን ተናግሮ ጥፋቱን አመነ። አባትም በመቆጣት ፈንታ ልጁን አቀፈው፤ እውነት መናገሩም ከሺህ ዛፍ እንደሚበልጥበት ነገረው።

ይህን ታሪክ ያሳተመው ሜሰን ሎክ ዊምስ የተባለ ሰው ነው። ዊምስ በመጀመሪያ ቄስ ነበረ፤ በኋላ ግን ማቲው ኬሪ ለተባለ የፊላደልፊያ አሳታሚ ወኪል ሆኖ መጽሐፍ በሠረገላ ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ ይሸጥ ነበር። ዋሽንግተን ዲሴምበር 14 ቀን 1799 በሞተ ጊዜ፣ ዊምስ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጽፎ፣ ሕዝቡ ስለ ሟቹ የሚነበብ ነገር እንደ ተራበ አስታወቀው። ነጋዴ ነውና ገበያውን አሳምሮ ያውቃል። መጽሐፉም በ1800 ወጣ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። በ1800 በወጣው መጽሐፍ የቼሪው ዛፍ ታሪክ የለም። ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1806 በወጣው በአምስተኛው እትም ነው። ተፈጸመ ከተባለበት ጊዜ ወደ ሰባ ዓመት ገደማ አልፎታል ማለት ነው። የልጁ አባት የሞተው በ1743፣ እናቱ የሞተችው በ1789፣ ራሱም የሞተው በ1799 ስለ ሆነ፣ ይህ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ብሎ የሚመሰክር ከሦስቱ አንድ እንኳ አልተረፈም። ዊምስ ታሪኩን ከማን እንደ ሰማ ሲናገር አንዲት አሮጊት ዘመድ ነገረችኝ ይላል፤ ስሟን ግን አይጠራም። ከዚህ ሌላ የዋሽንግተንን መዝገብ የመረመሩ የታሪክ ሊቃውንት ለዚህ ወሬ አንዳች ድጋፍ አላገኙም። እውነትን ለማስተማር የታሰበው ታሪክ ራሱ ፈጠራ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለዊምስም ፍርድ ይገባዋል። እርሱ መጽሐፉን ሲጽፍ የነበረው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። እንደ እርሱ አነጋገር፣ ጦር እየመራ የሚያሸንፍ ወይም አገር የሚያስተዳድር ሕፃን የለም፤ ስለዚህ ለሕፃን የጦር ሜዳውን ገድል ብቻ ቢነግሩት የሚቀዳው ነገር አያገኝም። እውነት መናገር፣ መሥራትና ወላጅን ማክበር ግን ለማንም ልጅ ይቻላል። በዚያ ላይ አገሪቱ ገና ከተቋቋመች ሃያ ምናምን ዓመቷ ነበር፤ የጋራ ንጉሥ ወይም የጋራ ቤተ ክርስቲያን የሌላት፣ ዐሥራ ሦስት ግዛቶች ተሰብስበው የመሠረቷት አገር ናት። ልጆቿን በአንድ ስም ሥር የሚያሰባስብ ሰው ፈለገች፤ ዊምስም ሠርቶ አቀረበላት። በኋላም ማክጋፊ የሚባሉት የንባብ መጻሕፍት ተረቱን ወርሰው በየትምህርት ቤቱ አዳረሱት።

ተረቱ የሚሸፍነው

ብዙ ጊዜ ሲነገር የሚሰማው ክርክር፣ «ተረት ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ልጁ እውነት መናገርን ከተማረበት በቂ ነው» የሚል ነው። ጉዳቱ ግን አለ። የመጀመሪያው ጉዳት ተረቱ የሰውየውን እውነተኛ ልጅነት መሸፈኑ ነው።

ዋሽንግተን በ1732 በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ፣ የአባቱ ልጆች፣ እንግሊዝ አገር ተልከው ተምረው ነበር። እርሱ ግን አባቱ ስለ ሞተበት ይህን ዕድል አላገኘም፤ ኮሌጅም ከቶ አልገባም። በልጅነቱ 110 የጨዋነት ደንቦችን በእጁ ጽሑፍ የገለበጠበት ደብተር እስከ ዛሬ አለ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው መሬት ቀያሽ ሆኖ ተሾመ፤ ጫካ ለጫካ እየዞረ ገመድና መለኪያ ይዞ እንጀራውን መብላት ጀመረ። ካደገ በኋላም እንኳ ትምህርቱ ጎዶሎ መሆኑን በደብዳቤው ሲጽፍ እናገኘዋለን።

ስሕተትም ነበረበት። በ1754፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ ፎርት ኔሴሲቲ በሚባለው ቦታ ከፈረንሳዮች ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። የፈረመበት የመማረኪያ ውል የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ፈረንሳይኛ አያውቅም። በውሉ ውስጥ አንድ የፈረንሳይ መኮንን በግፍ መገደሉን የሚያምን ቃል ነበረበት። ዋሽንግተን በኋላ አስተርጓሚው በትክክል አልነገረኝም ብሎ ተከራከረ፤ ፊርማው ግን ወረቀቱ ላይ ነበር። ለተማሪ ይህ ታሪክ ከቼሪው ዛፍ ይልቅ ምን ያህል ይጠቅመው! ያልገባውን ወረቀት የሚፈርም ሰው ምን እንደሚደርስበት ያያልና።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ይህ ነው። ተረቱ ልጁ መዋሸት «አይችልም» ይላል። መዋሸት የማይችል ሰው ግን እውነት በመናገሩ የሚመሰገንበት ምክንያት የለም። ምስጋና የሚገባው መዋሸት እየቻለ፣ ውሸቱም እየጠቀመው፣ እውነቱን የመረጠ ሰው ነው። ተረቱ ምርጫን ከሰውየው ላይ ወሰደበት። መዝገቡ ግን ምርጫውን መልሶ ይሰጠዋል፤ አንዳንድ ጊዜ መልካሙን ሲመርጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ክፉውን ሲመርጥ ያሳየናል። ይህንንም ለማስረዳት ሦስት ወረቀቶችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ወረቀት፦ ሥልጣን ስለ መመለስ

ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተደረገው ጦርነት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ የአሜሪካ ጦር ደመወዙን ሳያገኝ ከርሞ ተማርሮ ነበር። ኮንግረስ ገንዘብ የለውም፤ ግብር ለመጣልም ሥልጣን የለውም። በሜይ 1782 ሉዊስ ኒኮላ የተባለ ኮሎኔል አገሪቱ ንጉሥ ቢኖራት እንደሚሻል፣ ዘውዱም ለዋሽንግተን እንደሚገባ የሚያመለክት ጽሑፍ ላከለት። ዋሽንግተን ወዲያውኑ በብርቱ ተግሣጽ መለሰለት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በማርች 1783፣ ኒውበርግ በሚባለው ሰፈር የነበሩት መኮንኖች ኮንግረስን በጦር ኀይል ለማስፈራራት ይዶልቱ ጀመር። ዋሽንግተን ስብሰባቸው ድረስ ሄዶ እንዲታገሡ ለመናቸው። ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ አንድ ደብዳቤ ሊያነብላቸው ሲል ከኪሱ መነጽር አወጣ። በመነጽር አይተውት ስለማያውቁ ተደነቁ። እርሱም በአገልግሎታቸው ሳለ መሸበቱን፣ አሁን ደግሞ ዐይኑ እየደከመ መሆኑን ነገራቸው። በዚያ የነበሩ ሰዎች እንደ መሰከሩት ብዙዎቹ መኮንኖች እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ዱለታውም በዚያው ፈረሰ።

እንግዲህ ሠራዊቱ ይወደዋል፤ ሕዝቡ ያከብረዋል፤ መንግሥቱ ደካማ ነው። በዓለም ታሪክ እንዲህ ያለ ሁኔታ ያጋጠመው የጦር አዛዥ ብዙ ጊዜ ያደረገውን እናውቃለን። ዋሽንግተን ግን ዲሴምበር 23 ቀን 1783 አናፖሊስ ከተማ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ አጭር ንግግር አነበበና የሹመት ወረቀቱን መለሰ። ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበረ ያየው ሰው ጽፎታል። ከዚያም ፈረሱን ጭኖ ለልደት በዓል እቤቱ ደረሰ። የመጀመሪያው ወረቀት እንግዲህ ይህ የስንብት ንግግር ነው።

በ1789 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የመራጮቹ ድምፅ በሙሉ የእርሱ ነበር፤ በ1792ም እንዲሁ። ሁለቱን ዘመን ከፈጸመ በኋላ ሦስተኛ ሳይፈልግ በማርች 1797 ሥራውን ለተመረጠው ለጆን አዳምስ ለቀቀ። እዚህም ላይ አስተማሪው መጠንቀቅ አለበት፤ ዋሽንግተን የሁለት ዘመን ገደብ ሕግ አላወጣም። ደክሞት ነበር፤ ወደ እርሻውም መመለስ ናፍቆ ነበር። ነገር ግን ምሳሌው ልማድ ሆነና እስከ 1940 ድረስ ጸንቶ ኖረ። በዚያ ዓመት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጠ፤ ከዚያም በኋላ በ1951 የሁለት ዘመን ገደብ በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ተጻፈ። አንድ ሰው በፈቃዱ ያደረገው ነገር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ሕግ እስኪሆን ድረስ እንዴት እንደ ተጓዘ ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ወረቀት፦ የዐሥር ዶላር ማስታወቂያ

ሁለተኛው ወረቀት በሜይ 1796 በፊላደልፊያ ጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ ነው። ያወጣው የፕሬዚዳንቱ የቤት አዛዥ ነው። ኦና ጀጅ የተባለች ወጣት ከፕሬዚዳንቱ ቤት መጥፋቷን ይገልጻል፤ የቆዳዋን መልክ፣ የዐይኗንና የጠጕሯን ሁኔታ ይዘረዝራል፤ ለመሄድ የሚያበቃ ምንም በደል አልደረሰባትም ይላል፤ ይዞ ለሚያመጣትም ዐሥር ዶላር ወሮታ ተስፋ ይሰጣል።

ኦና ጀጅ የፕሬዚዳንቱ ሚስት የማርታ ዋሽንግተን ደንገጡርና ልብስ ሰፊ ነበረች። የጠፋችበት ቀን ሜይ 21 ሲሆን ቤተሰቡ ለእራት ተቀምጦ ነበር። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር፤ ይህ ማለት ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት እኅቶቻችን ጋር እኩያ ነበረች። ለማርታ የልጅ ልጅ እንደ ዕቃ ልትሰጥ መሆኑን ስትሰማ ነው ለመሄድ የቈረጠችው።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ሰነድ አለ። ፊላደልፊያ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ውስጥ ናት። የዚያ ግዛት የ1780 ሕግ ከሌላ ግዛት የመጣ ባሪያ ስድስት ወር በዚያ ከተቀመጠ ነፃ መውጣት እንዲችል ይፈቅዳል። ዋሽንግተን ይህን ስላወቀ፣ በቤቱ የነበሩትን ባሮች ስድስት ወር ሳይሞላቸው ለጥቂት ቀን ከግዛቱ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። በኤፕሪል 1791 ለጸሐፊው ለቶቢያስ ሊር በጻፈው ደብዳቤ፣ ነገሩ ሰዎቹንም ሕዝቡንም በሚያታልል ሰበብ እንዲፈጸም አዟል። አንባቢ ሆይ፣ የቼሪውን ዛፍ አስታውስ። መዋሸት አይችልም የተባለው ሰው ማታለያ እንዲፈለግ በገዛ እጁ ጽፏል። ተረቱን ብቻ የተማረ ልጅ ይህን ደብዳቤ ባገኘ ቀን ምን ይሰማዋል?

ኦና ጀጅ በመርከብ ተሳፍራ ወደ ሰሜን፣ ኒው ሃምፕሺር ግዛት ውስጥ ወዳለችው ፖርትስማውዝ ደረሰች። ዋሽንግተን መኖሪያዋን ሲያውቅ በገንዘብ ሚኒስትሩ በኩል ለከተማዋ የጉምሩክ ሹም አስጻፈ። ሹሙ ኦናን አነጋገራት፤ ከፕሬዚዳንቱና ከሚስቱ ሞት በኋላ ነፃ እንደምትወጣ ቃል ቢገባላት ልትመለስ እንደምትችል አስታወቀ። ዋሽንግተን ግን ከባሪያ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት ማድረግ አይገባም ብሎ እምቢ አለ። በ1799 የማርታን የእኅት ልጅ ሊያመጣት ቢልክም አስቀድማ ወሬው ስለ ደረሳት ተሸሸገች። በዚያች አገር አግብታ ወልዳ፣ ማንበብ ተምራ፣ በድኽነት ኖራ በ1848 ሞተች። በሕግ ዐይን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የሌላ ሰው ንብረት ነበረች። በስተርጅናዋ ጋዜጠኞች በመሄዷ ተጸጽታ እንደ ሆነ ሲጠይቋት አልተጸጸትሁም፣ ነፃ ነኝ ስትል መለሰች።

ሦስተኛው ወረቀት፦ ኑዛዜው

ሦስተኛው ወረቀት ዋሽንግተን በጁላይ 1799፣ ከመሞቱ ከአምስት ወር ገደማ በፊት፣ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ነው። በዚያ ጊዜ ማውንት ቨርነን በሚባለው ርስቱ ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በሕግ የእርሱ የሆኑት 123 ናቸው። 153ቱ የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ ስለ ነበሩ፣ እርሱም እርሷም ነፃ ሊያወጧቸው አይችሉም ነበር፤ የቀሩት ከሌላ ባለቤት የተከራዩ ናቸው።

ዋሽንግተን የራሱ የሆኑት ሰዎች ማርታ ስትሞት ነፃ እንዲወጡ ተናዘዘ። ሽማግሌዎቹና ድኩማኑ እንዲለብሱና እንዲበሉ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ፣ ጠቃሚ ሥራም እንዲለምዱ አዘዘ። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ያልተለየው አገልጋዩ ዊልያም ሊ ግን ወዲያውኑ ነፃ እንዲወጣ፣ በየዓመቱም ሠላሳ ዶላር እንዲከፈለው ተጻፈለት። ማርታ እስክትሞት አልጠበቀችም፤ 123ቱ በጃንዋሪ 1801 ነፃ ወጡ። የውርስ የሆኑት ግን እርሷ በ1802 ስትሞት ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ከሁለቱ ወገን የተጋቡ ብዙዎች ስለ ነበሩ ባል ነፃ ሲወጣ ሚስት፣ አባት ነፃ ሲወጣ ልጅ በባርነት ቀረ።

ዋሽንግተን ባርነት በሕግ ቢቀር ደስ እንደሚለው በ1786 ለወዳጁ ጽፎ ነበር። በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ግን ይህን በአደባባይ አልተናገረም፤ እንዲያውም በ1793 የጠፉ ባሮች ተይዘው እንዲመለሱ በሚያዝዘው ሕግ ላይ ፈረመ። ኑዛዜው እንግዲህ ሁለት ነገር ይመሰክራል። የሠራው ክፉ መሆኑን ያውቅ እንደ ነበረ፤ ደግሞም ሰዎቹን ነፃ ለማውጣት እርሱ ምንም የማያጣበትን ቀን እንደ ጠበቀ።

ሁለቱ ተከራካሪዎች

ይህን ሁሉ ሲሰሙ በየፊናው የሚነሡ ሁለት ተከራካሪዎች አሉ። አንደኛው፣ «ሕፃን ምሳሌ የሚሆነው ሰው ያስፈልገዋል፤ ጀግናውን አታፍርሱበት» ይላል። ለዚህ ሰው የአብርሃም ሊንከንን ነገር እናስታውሰዋለን። ሊንከን በልጅነቱ የዊምስን መጽሐፍ አንብቦ ነበር። በ1861 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሥራ ሊጀምር ሲጓዝ በኒው ጀርሲ ምክር ቤት ስለዚሁ መጽሐፍ ተናገረ። ነገር ግን በልቡ ቀርቶ የኖረው ብሎ የገለጠው የቼሪውን ዛፍ አልነበረም። በ1776 ክረምት በበረዶ መካከል ወንዝ ተሻግረው ትሬንተን ላይ የተዋጉትን ወታደሮች መከራ ነበር። ይህ ደግሞ በእርግጥ የተፈጸመ ነገር ነው። እውነቱ ራሱ ልብን መንካት ከቻለ ተረቱን የሙጥኝ ማለት ለምን ያስፈልጋል?

ሁለተኛው ተከራካሪ፣ «ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ እንግዲህ የቀረው ታሪኩ ሁሉ ከንቱ ነው» ይላል። የዚህ ሰው ቍጣ ከመጀመሪያው ዝምታ ይሻላል። ነገር ግን እርሱም ያው የተረቱ ልጅ ነው፤ ሰው ወይ ፍጹም ነው ወይ ምንም አይደለም ብሎ ያስባልና። በአናፖሊስ የተመለሰው ሹመት እውነት ነው፤ በፊላደልፊያ የወጣው ማስታወቂያም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያጥብም፤ አንዱም ሌላውን አይሽርም። ሥልጣኑን ለኮንግረስ የመለሰ እጅ ለኦና ጀጅ ነፃነቷን ለመስጠት እምቢ አለ። ይህን ተቃርኖ ለተማሪ መደበቅ አላዋቂ ያደርገዋል፤ ተቃርኖውን ተሸክሞ እንዲያስብ ማድረግ ግን ትምህርት ነው።

በክፍል ውስጥ

ነገሩን ወደ ሥራ ለመለወጥ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አስተማሪው ሦስቱን ወረቀቶች አሳጥሮ ይጻፍ፤ የማን እንደ ሆኑ ሳይናገር ለተማሪዎቹ ያድል። ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ አራት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የጻፈው ማን ነው? የጻፈው መቼ ነው? የጻፈው ለማን ነው? በመጻፉ ምን ሊያገኝ ፈለገ? ተማሪዎቹ የስንብቱ ንግግር፣ ማስታወቂያውና ኑዛዜው ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸውን በመጨረሻ ሲሰሙ ክርክሩ በራሱ ይነሣል። አስተማሪው ያን ጊዜ ቶሎ ብሎ ፍርድ አይስጥ፤ ይስማቸው።

ቀጥሎም የቼሪውን ዛፍ ተረት አራተኛ ወረቀት አድርጎ ያምጣና እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች ይጠይቅበት። የጻፈው መጽሐፍ ሻጭ፣ የተጻፈው ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የተጻፈው ለሕፃናትና ለወላጆቻቸው፣ የታሰበው መልካም ጠባይን ማስተማርና መጽሐፉን መሸጥ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያገኙታል። እንዲህ ከሆነ ተረቱን ከክፍል ማባረር እንኳ አያሻም፤ እርሱም ተመርማሪ ሆኖ ይቀመጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ደግሞ ዝም ብለው ለሚጠብቁ ሰዎች የተነገረ አይመስለንም። ኦና ጀጅ ለጋዜጠኞች የሰጠችው ቃል ታትሞ ሳለ ከመቶ ዓመት በላይ የመማሪያ መጻሕፍት አልፈዋት ሄደዋል፤ እርሷ በነበረችበት ቤት ቦታ ላይ በባርነት የኖሩት ዘጠኝ ሰዎች ስማቸው ተጽፎ መታሰቢያ የተከፈተላቸው በ2010 ነው። ወረቀቱ ነበረ፤ የጠፋው ጠያቂ ነበር።

ስለዚህ ነገ መምህር የምትሆኑ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ስለ ዋሽንግተንም ሆነ ስለ ሌላ ታላቅ ሰው ስታስተምሩ፣ የመጀመሪያው ሥራችሁ ተማሪው ሰውየውን እንዲወድደው ወይም እንዲጠላው ማድረግ አይሁን። እነዚያን አራት ጥያቄዎች አስለምዱት። በእናንተም ንግግር ላይ ሳይቀር ይጠይቅባችሁ።